ሕክምና ውጭ ልማር ወይስ እዚሁ? ለምትሉኝ

ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብላ ያለች አንዲት ካፌ እቀመጣለሁ። ማኪያቶዬ ጠረጴዛ ላይ ሳያርፍ ስልኬ ይጠራል። «ዶክተር፣ ልጄን ይዣት ብቅ ልበል? አምስት ደቂቃ ብቻ።» አምስት ደቂቃ ሆኖ አያውቅም። ሁለተኛ ማኪያቶ ይታዘዛል፣ ከዚያ ሦስተኛ።

ሰው የሚጠራኝ ቻይና ስለተማርኩ ነው። በ2005 ሄጄ በ2010 ዲግሪዬን ይዤ ተመለስኩ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ እዚሁ አገር፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ሆነ። እናታችን በዓል ሲመጣ እንግዳ ፊት «ከሁለታችሁ ማን ይሻላል?» ብላ ታፎካክረናለች። ዶሮ ወጡ እስኪያልቅ እንከራከራለን። ክርክሩ አላለቀም፤ ግን ልጅ ይዞ ለሚመጣ ወላጅ የምለውን ነገር ያገኘሁት ከዚያ ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ አባት ከልጃቸው ጋር መጡ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ኤንቨሎፕ አወጡ። ውስጡ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ማስተዋወቂያ ነው፤ ኤጀንሲ የሰጣቸው። ገለጥ ገለጥ አደረግኩት። የሕንፃ ፎቶ፣ የቤተ መጻሕፍት ፎቶ፣ የመመገቢያ አዳራሽ፣ የመዋኛ ገንዳ። አንድም በሽተኛ የለም። ከታች በትልቁ «ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ» ይላል። አባትየው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዶክተር፣ ሱሉልታ ያለችኝን ቦታ ብሸጣት ይበቃ ይሆን?» አሉኝ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ የማኪያቶዋን አረፋ በማንኪያ ታማስላለች።

የት አገር መማር እንደምትፈልግ አልጠየቅኳትም። «የዛሬ አሥር ዓመት በሽተኛሽን የምታናግሪው በምን ቋንቋ ነው?» አልኳት።

ማንኪያውን አስቀመጠች። አባቷን አየች። እሳቸውም አልመለሱም።

ከመጨረሻው ጀምሩ

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ሰው መጀመሪያ አገር ይመርጣል፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ብር ያፈላልጋል። የሥራ ፈቃድ የሚባለው ነገር ትዝ የሚለው ተመርቆ ሲመጣ ነው። ዲግሪ ዩኒቨርሲቲው ይሰጣችኋል። በሽተኛ እንድትነኩ የሚፈቅድላችሁ ግን የምትሠሩበት አገር ነው። ስለዚህ ወረቀት አውጡና «የት ነው የምሠራው?» የሚለውን ከላይ ጻፉ፤ ሌላው ሁሉ ከሥሩ ይመጣል።

መልሱ ኢትዮጵያ ከሆነ፣ ውጭ ተምሮ የመጣ ሰው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዘንድ ሄዶ የአቻ ግምት ያሠራል፤ ዲግሪው ከዚህ አገሩ ጋር እኩል ነው የሚል ወረቀት ማለት ነው። ከዚያ የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና ፈተና አለ። እኔ አቻ ግምት ላሠራ ስሄድ፣ ስድስት ዓመት የለፋሁበትን ዲግሪ ገና ሳያዩት የ12ኛ ክፍል ውጤቴን ነው የጠየቁኝ። ጥሩ ነገር እናቴ ፌስታል ውስጥ ከጋብቻዋ ወረቀት ጋር አስቀምጣው ነበር። የ12ኛ ክፍል ፈተና ያልሆነለት ልጅ «ዙሪያ ጥምጥም በውጭ በኩል እገባለሁ» ብሎ ከሆነ የሚያስበው፣ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ባለሥልጣኑ ቢሮ ሄዶ ይጠይቅ። በቃል አይደለም፤ በጽሑፍ ይጠይቅ፣ በጽሑፍ መልስ ይቀበል።

መልሱ አሜሪካ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። እዚያ ሕክምና የሚጀመረው የመጀመሪያ ዲግሪ ከተያዘ በኋላ ነው፤ አራት ዓመት በአራት ዓመት ላይ። የውጭ ተማሪ የሚቀበሉት የሕክምና ትምህርት ቤቶችም ጥቂት ናቸው። ብዙ ኢትዮጵያዊ ሐኪም አሜሪካ የገባው ሌላ ቦታ ተመርቆ፣ ዩኤስኤምኤልኢ የሚባለውን የአሜሪካ የሐኪሞች ፈቃድ ፈተና ተፈትኖ፣ በሬዚደንሲ፣ ማለትም በሆስፒታል የስፔሻሊቲ ሥልጠና በኩል ነው። ይህ ማለት ወንድሜም እዚህ ተምሮ መፈተን ይችላል፣ እኔም ቻይና ተምሬ መፈተን እችላለሁ። ለዚህ ብላችሁ መሬት ከመሸጣችሁ በፊት አስቡበት።

አንድ ነገር ግን አሁኑኑ በስልካችሁ አድርጉ። ወርልድ ዳይሬክተሪ ኦፍ ሜዲካል ስኩልስ የሚባል የዓለም የሕክምና ትምህርት ቤቶች መዝገብ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ክፍያ የለውም። ኤጀንቱ የነገራችሁን ትምህርት ቤት ስም ፊደል በፊደል አስገቡ። ከተገኘ «ስፖንሰር ኖትስ» የሚለውን ክፈቱ። ውጭ የተማሩ ሐኪሞችን ወረቀት የሚመረምረው የአሜሪካው ኢሲኤፍኤምጂ ከዚያ ትምህርት ቤት የተመረቀን ሰው ይቀበል አይቀበል እዚያ ተጽፏል። ስሙ ከሌለ ወሬው እዚያው ያበቃል። «የሚመሳሰል ስም ነው፣ ያው ነው» ካሏችሁም ያው አይደለም።

አባትየው ፊቴ ቁጭ ብለው በልጃቸው ስልክ ፈለጉ። የብሮሸሩ ትምህርት ቤት ተገኘ። ደስ አላቸው። እኔም ደስ አለኝ፤ ቢያንስ ኤጀንቱ እዚህ ላይ አልዋሸም።

ናፕኪን ላይ የሚሠራ ሒሳብ

እስክሪብቶ ተውሼ ናፕኪን ላይ ጻፍኩላቸው። እኔ በዓመት የምከፍለው 30 ሺህ ዩዋን ነበር። በ2005 ዶላሩ 18 ብር ገደማ ስለነበር ወደ 86 ሺህ ብር ይመጣል። አባቴ አንድ ሚኒባስ ነበረችው፤ እሷ ናት ያስተማረችኝ። ስመለስ ዶላሩ 27 ብር ደርሶ ነበር። በየዶላሩ ላይ የጨመረውን ዘጠኝ ብር የከፈለው አባቴ ነው። እኔ ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ሚኒባሷን ሁለት ጊዜ አስይዞ ተበድሮባት ነበር።

ዛሬ ያው 30 ሺህ ዩዋን 4,200 ዶላር ገደማ ነው። ዶላሩን በ150 ብር ብናስበው በዓመት 630 ሺህ ብር። በስድስት ዓመት 3 ሚሊዮን 780 ሺህ። ይህ የትምህርት ክፍያ ብቻ ነው፤ መኝታ፣ ምግብ፣ የጤና መድን፣ የቪዛ እድሳትና ትኬት የለበትም።

ከዚያ 150ውን ሰረዝኩና 200 ጻፍኩ። የዓመቱ 840 ሺህ ሆነ። አባትየው «ለምን ታስፈራሪኛለሽ?» አሉኝ። ማስፈራራት አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። በ57 ብር አስልቶ ልጁን የላከ ወላጅ ሁለተኛውን ዓመት እንዴት እንደከፈለ እሱና አምላኩ ያውቃሉ። ስለዚህ ሒሳባችሁን በዶላር ሥሩ፣ የስድስቱን ዓመት በአንድ ላይ አስቡ፣ ከዚያ የብሩን ዋጋ ሆን ብላችሁ አክፉት። በከፋው ቁጥር ቤታችሁ የሚናጋ ከሆነ አትጀምሩት። አራተኛ ዓመት ላይ ያቋረጠ ተማሪ ወረቀቱን ይዞ የሚሄድበት የለም። በሕክምና ግማሽ ሐኪም የሚባል ነገር የለም።

ልጁ ሠርቶ ይከፍላል የሚባለውን ተውት። የሕክምና ተማሪ የሚሠራበት ሰዓትም፣ ብዙ ቦታ ፈቃዱም የለውም።

እዚህ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ የሚከፍለው ተመርቆ ነው። የግል ሕክምና ኮሌጅ ከሆነ የዓመቱን ክፍያ ጠይቃችሁ ያንኑ የናፕኪን ሒሳብ ሥሩበት። የእውቅና ፈቃዱ እስከ መቼ እንደሆነም ከኮሌጁ ሳይሆን ከባለሥልጣኑ አረጋግጡ።

ነጻ የትምህርት ዕድል ካለ ነገሩ ሌላ ነው። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ የትምህርት ክፍያ፣ መኝታ፣ ወርሃዊ አበልና የአውሮፕላን ትኬት ይሸፍናል። ለሕክምና ግን ቢያንስ 90 ከመቶ ውጤት ይጠይቃል፤ መጀመሪያ አንድ ዓመት ቱርክኛ ይማራሉ። የሩሲያም እንደዚሁ በቋንቋ ዓመት ይጀምራል። ጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አያስከፍሉም፤ ነገር ግን ጀርመንኛውን ጠንቅቆ ማወቅ ግድ ነው፤ ለቪዛውም ለአንድ ዓመት መኖሪያ 11,904 ዩሮ ዝግ ሒሳብ (በየወሩ የተወሰነ ብቻ የሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) ውስጥ ማሳየት አለባችሁ። በነጻ ነው ሲሉኝ «ቋንቋውስ?» እላለሁ። እዚህ ላይ ነው ልቤ የሚቃጠለው።

ቴንግ

እኔንም «ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ» ብለው ነው የላኩኝ። ውሸት አልነበረም። ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ነው። አናቶሚ በእንግሊዝኛ፣ ፊዚዮሎጂ በእንግሊዝኛ። ያልነገሩኝ ነገር ቢኖር በሽተኛው እንግሊዝኛ እንደማይችል ነው።

ሆስፒታል የገባን የመጀመሪያ ሳምንት አንዲት አሮጊት አልጋ ዙሪያ ቆምን። አስተማሪያችን በቻይንኛ ይጠይቃሉ፣ ሴትየዋ በአካባቢያቸው አነጋገር ይመልሳሉ፣ ቻይናውያኑ ተማሪዎች ይጽፋሉ። እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። ሃያ ደቂቃ ውስጥ የሰማሁት አንድ ቃል ነው፤ ቴንግ። «ያማል» ማለት ነው። የት ያማቸዋል? ከመቼ ጀምሮ? ሲበሉ ይብሳል ወይስ ሲራቡ? አላውቅም። ደብተሬ ላይ «ቴንግ» ብዬ በአማርኛ ፊደል ጻፍኩና ወጣሁ። ደብተሩ አሁንም አለ።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ቻይንኛ ማጥናት ጀመርኩ። ኤችኤስኬ የሚባለውን ፈተና አራተኛ ደረጃ ሳልፍ ትንሽ መስማት ቻልኩ። ግን ሁለት ዓመት ያህል ሆስፒታል ውስጥ እንግዳ ነበርኩ። ያገኘሁትም ብዙ ነው፤ አልክድም። እዚህ በወሬ የምንሰማቸውን መሣሪያዎች እዚያ ከሥራቸው ቆሜ አይቻለሁ። ብቻዬን መኖር ተምሬያለሁ። ራሴን ችዬ መጽሐፍ ማንበብም።

ሌላው ቅጣት የመጣው ከተመለስኩ በኋላ ነው። አንዲት እናት ከፊቴ ተቀምጠው «ልቤን ይዞኛል፣ ያቃጥለኛል» አሉኝ። ደነገጥኩ። ቶሎ ኢሲጂ፣ የልብ ምርመራ አዘዝኩ። ሲስተሯ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ዶክተር፣ ጨጓራቸውን ነው እኮ የሚሉሽ» አለችኝ። አማርኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው! ግን የበሽተኛ አማርኛ ሌላ ትምህርት ነው። «ምች መታኝ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? «ጎኔን ውጋት ይዞኛል»ስ? ዳማከሴ ጠጥተው ነው የመጡት ወይስ ሳይጠጡ? ይህን ወንድሜ በሦስተኛና በአራተኛ ዓመት አልጋ ሥር ቆሞ ተምሮታል። እኔ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ጀመርኩት።

ስለዚህ እዚህ የመሥራት ሐሳብ ካላችሁ ይህን እንደ ትንሽ ነገር አትዩት። ውጭ የመሥራት ሐሳብ ካላችሁ ደግሞ የዚያን አገር ቋንቋ ሳትሄዱ እዚሁ ስድስት ወር ሞክሩት። ሦስተኛው ወር ላይ ከሰለቻችሁ መልሱን አገኛችሁት።

እዚህ መቅረት ማለት

እዚህ ያለውን ነገር ማር አድርጌ አልነግራችሁም። መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና አለ፤ በ2014 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር፣ በቀጣዩ ዓመት 3.2። ያንን ያለፈ ልጅ ፍሬሽማን ገብቶ ደግሞ በውጤት ይፎካከራል፤ ሕክምና የሚፈልገው ብዙ ነው። ከገባ በኋላ ኢንተርንሺፑን፣ የመጨረሻውን የሆስፒታል ልምምድ ጨምሮ ሰባት ዓመት ገደማ።

ወንድሜ ኢንተርን ሳለ ቤት የሚመጣው ለመተኛት ነበር። የሠራበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም፤ ብቻ ደም የሚቀዳው እሱ፣ ናሙናውን ላብራቶሪ የሚያደርሰው እሱ፣ ስትሬቸር የሚገፋውም እሱ ነበር። አንድ ቀን እናቴ ያቀረበችለትን ሽሮ ፊት ቁጭ እንዳለ እጁ ጎረስ ሊያደርግ ተዘርግቶ እንቅልፍ ወሰደው። ግን ያኔ፣ እኔ ቻይና ማዋለጃ ክፍል በር ላይ ቆሜ በሰው ትከሻ በኩል ሳይ፣ እሱ ደውሎ «ዛሬ መንታ አዋለድኩ» ይለኝ ነበር። እጁ የተፈታው እዚህ ነው። በዚህ ነጥብ በበዓል ክርክር ሁሌም ያሸንፈኛል።

ሥራውስ? ድሮ ሐኪም ተመርቆ ሥራ አይፈልግም ነበር። ዕጣ ይወጣል፣ ምደባው ይነገረዋል፣ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ያ ዘመን አልፏል። ዛሬ ተመርቀው ማስታወቂያ ሰሌዳ የሚያነቡ ሐኪሞች አሉ። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ ምን ያህል እንደጮኸ ታስታውሳላችሁ። ልጃችሁን «ሐኪም ሁን፣ ያልፍልሃል» ብላችሁ አትላኩት፤ እዚህም እዚያም።

ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ሰው ይረሳዋል። እዚህ ተምሮ፣ እጅን ፈትቶ፣ ከዚያ ለስፔሻሊቲ መውጣት። ቀላል አይደለም፤ ፈተናውም ወጪውም አለ። ግን በዚያን ጊዜ የሚወስነው የ18 ዓመት ልጅና ፈሪ አባቱ አይደሉም። በሽተኛ ያየ፣ ምን እንደሚወድ ያወቀ ሰው ነው።

በሩ ቢዘጋስ?

ይህን ጥያቄ ማንም አይጠይቅም፣ እኔም በ2005 አልጠየቅኩም። በመጋቢት 2012 ቻይና በኮቪድ ምክንያት ለውጭ ተማሪዎች ድንበሯን ዘጋች፤ ለእረፍት ወደ አገሩ የመጣ ተማሪ እስከ ነሐሴ 2014 ድረስ መመለስ አልቻለም። ሕክምና በዙም ተማሩ ማለት ነው። በየካቲት 2014 ዩክሬን ላይ ጦርነቱ ሲሰፋ የአፍሪካ የሕክምና ተማሪዎች ሻንጣቸውን ጥለው ድንበር አቋረጡ። በሚያዝያ 2015 ደግሞ ካርቱም።

ማንም ይህን አስቀድሞ አያውቅም። ማድረግ የምትችሉት አንድ ነገር አለ። በየዓመቱ መጨረሻ ማህተም ያለበት ትራንስክሪፕት አውጡ። የተማራችሁትን ኮርስ ዝርዝርም ከነሰዓቱ አስፈርሙ። አንዱን ኮፒ ወደ ቤት ላኩ። ዩኒቨርሲቲው ነገ ስልክ ባያነሳ፣ ሌላ ትምህርት ቤት የሚያስገባችሁ ያ ወረቀት ነው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሥሩት።

ሰኞ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት

ለአባትና ልጅ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጥቁር አንበሳ በር አካባቢ ሄደው እንዲቆሙ። ልብ በሉ፣ ገብታችሁ ሰው አታስቸግሩ፤ በሩ ላይ ይበቃል። ዱቲ አድረው የሚወጡትን እዩ፣ የሚገቡትን እዩ። ከክፍለ ሀገር በሽተኛ ይዘው የመጡ ቤተሰቦች ፌስታልና ብርድ ልብስ ታቅፈው የሚጠብቁትን እዩ። ከዚያ ሦስት ሰው ፈልጉ፤ አንድ ኢንተርን፣ አንድ ሬዚደንት፣ አንድ ዘንድሮ የተመረቀ። ለሦስቱም ያንኑ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ዛሬ ብትጀምሩ የት ትማሩ ነበር?» ሻይ ጋብዟቸው፤ ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ ብር ያለው አይምሰላችሁ። ውጭ ከተማሩትም አንድ ሰው ጨምሩ፤ ኤጀንቱ ያገናኛችሁን ሳይሆን ራሳችሁ ያገኛችሁትን።

እዚያው ቸርችል ላይ የትግላችን ሐውልት አለ፤ እዚህ የወደቁ የኩባ ወታደሮች ምስል ያለበት። በዚያ በደርግ ዘመን ኩባ ተልከው ተምረው የመጡ ሐኪሞች አሉ፤ አንዳንዶቹ አሁንም ሲናደዱ በስፓኒሽ ነው የሚናደዱት። አባትየው «እነሱስ ይኸው ተሳክቶላቸው የለ?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ግን እነሱን የላካቸውም ሲመለሱ የመደባቸውም መንግሥት ነው። የርስዎን ልጅ የሚልካት የሱሉልታዋ ቦታ ናት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብዬ ጨመርኩላቸው፤ ሳቁ።

ማክሰኞ ማታ ልጅቷ ደወለች። «ዶክተር፣ አንዷ ኢንተርን ቆማ ስታንቀላፋ አየኋት» አለችኝ። «እሺ፣ ምን አልሽ?» አልኳት። «ሻይ ገዛሁላት። የነገረችኝን ግን ለአባዬ አልነገርኩትም።» እኔም አልጠየቅኳትም።

አሁን ፍሬሽማን ናት። ማታ ማታ ጀርመንኛ ትማራለች፤ ሦስተኛው ወር ደርሷል፣ እስካሁን አልሰለቻትም። የሱሉልታዋ ቦታ አልተሸጠችም። አባትየው ግን ኤንቨሎፑን አልጣሉትም፤ ባለፈው ቅዳሜ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ጫፉን አየሁት።